«ይህን ማን ጻፈው?»

ውድ ዱሬቲ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስለቀናሁብሽ ነው። የሥራ ርክክብ ወይም የስንብት ሰላምታ ላስመስለው ሞክሬ ነበር፤ ደጋግሜ ጀምሬ ቀደድኩት። በቴሌግራም ያልላክሁልሽም ሆን ብዬ ነው፤ አንቺ በድምፅ ትመልሺልኛለሽ፣ እኔም ድምፅሽን ከሰማሁ መቆጣት አልችልም። ስለዚህ ከሆለታው ሰርግ ስትመለሺ እንዲሰጡሽ ወረቀቱን ለኬክ ቤታችን ባለቤት ለእትዬ ሰርኬ አደራ ብያለሁ። እኔ ያን ጊዜ ወልቂጤ አክስቴ ቤት ነኝ። ሐኪሙ ለዓይኔ ዕረፍት ብሎ ለአራት ሳምንታት ስልክም ኮምፒውተርም እንዳላይ ከልክሎኛል፤ የምትጽፊውን ሁሉ ሰው ሲያነብ እኔ ብቻ አላነብም ማለት ነው። ከዕረፍቱ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው።

የኬክ ቤቱን የኢንተርኔት ገጽ ለሁለት ዓመታት እንዴት እንደያዝኩት ታውቂያለሽ። የታዘዘው ኬክ ከመወሰዱ በፊት ፎቶ አነሣዋለሁ፤ ላዘዘው ሰው ደውዬ ባለ በዓሉ ምን እንደሚወድና ቤት ውስጥ ማን ተብሎ እንደሚጠራ እጠይቃለሁ፤ ከዚያም ከፎቶው በታች አጭር መልካም ምኞት እጽፋለሁ። ዋጋ ለጠየቀ ደንበኛ ዋጋውን በአደባባይ እንጂ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብዬ መልሼ አላውቅም። ያለ ወላጅ ፈቃድ የሕፃን ፎቶ አልለጠፍኩም። ሥራው ትንሽ ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን ከእያንዳንዱ ቃል ጋር ተሟግቼ ነው ያስቀመጥኩት።

ልትተኪኝ መጥተሽ መለማመድ እንደጀመርሽ አቶ ገሜዳ መጡ። ከጦር ኃይሎች ወደ ሰፈራችን ዓለም ባንክ ሚኒባስ የሚነዱት፣ ለልጃቸው ለኢሊሊ የነርስነት ምረቃ ኬክ ያዘዙት አባት። እኔ አስቀድሜ ጽፌ ነበር፦ «ትጋትን ዘርታ ዕውቀትን ላጨደች፣ የወላጆቿ ልፋት አክሊል ለሆነች…» በትከሻዬ በኩል አጮልቀሽ አነበብሽና፣ «ርሆዬ፣ ይኼ ለኬክ ነው ለሐውልት?» አልሽ። ሳቅሁ። በጥርሴ ነበር የሳቅሁት።

ከዚያ ለሰውዬው ወንበር ሳብሽላቸው፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቅሻቸው። ሁለታችሁም ሳቃችሁ። እኔ ቋንቋውን ስለማላውቅ የኮምፒውተሩን መስታወት እንደማጸዳ ሆንኩ። በኋላ አቶ ገሜዳ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና እኔንም እንዳይረሱኝ ነው መሰለኝ በአማርኛ ተናገሩ፦

«እኔ መናገር የት አውቃለሁ ልጄ። በቃ… ኢሊሊ፣ ተመረቅሽ። እንግዲህ እኔም ልተኛ።»

አንቺም ይህንኑ ጻፍሽ። አንድ ቃል አልጨመርሽም። ሲወጡ ምን እንደጠየቅሻቸው ብጠይቅሽ፣ «እስካሁን ያልነገሯት ምን አለ? ነው ያልኳቸው» አልሽኝ።

«በቃ?»

«በቃ።»

በማግሥቱ ሾፌሩ፣ ነርሱ፣ የተመራቂው አባት፣ አባቱ የሞተበትም ሳይቀር እዚያ ጽሑፍ ሥር ተሰበሰበ። ከመካከላቸው አንዲት የማላውቃት ሴት፣ «እትዬ ሰርኬ፣ ይህን ማን ጻፈው? እጁ ይባረክ» ስትል ጠየቀች።

ዱሬቲ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ማን እንደጻፈው የጠየቀ ሰው አልነበረም። ኬኩ ይታይ እንጂ ጸሐፊው አይታይ የሚል መርሕ ነበረኝ፤ አምኜበትም እኖር ነበር። ያቺ ሴት ስትጠይቅ ግን ይህን ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው እንደኖርኩ ገባኝ። የተጠየቀውም ስለ አንቺ ነው።

ገጹ በዚያች ሰዓት በእኔ እጅ ስለነበር መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፦ «የኬክ ቤቱ ሠራተኞች ነን።» ሐሰት አይደለም። አስቀያሚ ያደረገውም ሐሰት አለመሆኑ ነው፤ መዝኜ፣ አስልቼ የጻፍኩት ነበርና። አንቺ አይተሽው፣ «ጎሽ! ለእዮኤልም ደረሰው በይ፤ ከዛሬ ጀምሮ ኬክ ጋጋሪና ገጣሚ ነው!» ብለሽ ሳቅሽ። ብትቆጪ ኖሮ ዕረፍት ባገኘሁ። ከጽሑፍሽ ይልቅ አለመከፋትሽ አስቀናኝ።

እትዬ ሰርኬን ደግሞ ልጨምርልሽ። እንቁላል ሲቆጥሩ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ የጻፍሽውን ጮክ ብለሽ ታነቢላቸዋለሽ፤ እሳቸውም ቁጥሩ ይጠፋባቸውና እንደገና ይጀምራሉ። እኔ «ለጥፌዋለሁ» እንጂ «ላንብብልዎት» ብያቸው አላውቅም። አንድ ቀን አንቺ በሌለሽበት፣ «የእኔስ ጽሑፍ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ያንቺማ እንደ ቅዳሴ ነው ርሆቦቴ» አሉኝ። «ያምራል። ግን ቆሜ ነው የምሰማው።»

ማመስገናቸው ነበር።

ያደረግሁትን ስሚ። ለዕረፍቴ መዘጋጃ ብዬ የአራቱን ሳምንት ጽሑፍ በሙሉ አስቀድሜ ጻፍኩ፤ ገጹ በየዕለቱ በራሱ እንዲለጥፋቸውም ቀጠሮ ያዝኩላቸው። የልደቱ፣ የሰርጉ፣ የክርስትናው፣ የየጠዋቱ ሰላምታ። ስሙ ብቻ ክፍት ነው፤ አንቺ ስም ትሞያለሽ። ሲያዩኝ «እንዴት ያለች ትጉህ» ይላሉ ብዬ ለእትዬ ሰርኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ተመለከቱኝ።

«ርሆቦት፣ ዕረፍት እየወጣሽ ነው ወይስ በር እየቆለፍሽ?»

የምፈራው ደመወዜን ወይም ወንበሬን ማጣት አይደለም። ስመለስ ማንም መሄዴን ያላስተዋለበት ቤት እንዳይጠብቀኝ ነው።

ዛሬ ሁሉንም ሰረዝኳቸው። ደግነት እንዳይመስልሽ። የአቶ ገሜዳን ቃል ካነበብኩ በኋላ የራሴን ማንበብ ስላቃተኝ ነው። ቅናቴ አልለቀቀኝም፤ ጥሩ አንባቢ ብቻ አድርጎኛል። ያቺ ሴት ለጠየቀችውም የቀድሞውን መልሴን አጥፍቼ እንዲህ ጻፍኩላት፦ «የተናገሩት አቶ ገሜዳ ናቸው፤ የጻፈችው ዱሬቲ ለሊሳ ናት።» የይለፍ ቃሉን እትዬ ሰርኬ ይሰጡሻል። ዋጋ በአደባባይ፣ የሕፃናት ፎቶ በፈቃድ፤ በዚህ በሁለቱ አልደራደርም። የቀረው የአንቺ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። እትዬ ሰርኬ ለመመለሻዬ እዮኤልን ኬክ እንደሚያስጋግሩ ነግረውኛል። እንደ ሌላው ኬክ ሁሉ ፎቶ ይነሣል፤ ከሥሩም አንድ ሰው ይጽፍበታል። እትዬ ሰርኬ እንቁላል ሲቆጥሩ አጠገባቸው ተቀመጪና ያንን ጥያቄሽን ስለ እኔ ጠይቂያቸው፦ እስካሁን ያልነገሯት ምን አለ? የሚሉትን እንዳለ ጻፊው። አዝነሽልኝ አታሳምሪው። «ምንም የለም» ካሉ «ምንም የለም» ብለሽ ጻፊ። ማን ጻፈው ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣም ስምሽን አትደብቂ፤ እቀናለሁ፣ ግን አነበዋለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ ፲፭ ቀን ስመለስ፣ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ተለጥፎ ልየው።

እየቀናሁ የምወድሽ፣
ርሆቦት ደግፌ
ዓለም ባንክ፣ ሐሙስ ግንቦት ፲፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.