ፌንጣዋ የምታነብልሽ ገጽ

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? የአባባ ሳል ተሻለው? ይህን እንደ ወትሮው የወንድሜ ልጅ፣ ፌንጣዋ፣ እያነበበችልሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ስልኬን ካላነሣሽልኝ ሦስት ሳምንት ከመሆኑ በቀር ደህና ነኝ።

በምትከፍቺው ቴሌቪዥን ያየሽኝ እውነትም እኔ ነኝ፤ አልክድም። የጣቢያው ሰዎች ግን ስድስተኛ ክፍል ሳስተምር አርባ ደቂቃ ቀርጸው ያሳዩት አሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ እሱንም የለቅሶ ሙዚቃ አልብሰው። ሰሌዳው ላይ ያለውን የማህፀን ሥዕል አጉልተው «ልጆቻችንን የምታባልግ መምህርት» አሉኝ። በማግስቱ የተቃራኒው ጣቢያ ሰዎች መጡ። ተመስገን ብዬ ነበር፣ ሞኟ! እነሱ ደግሞ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አስጠፍተው፣ እንደገና አስጽፈው፣ ፈገግ በይ ብለው፣ «ኋላ ቀር ወላጆችን የተጋፈጠች ጀግና» አደረጉኝ። ማንን ተጋፈጥኩ? ወላጆቹን ሰብስቤ የማስተምርበትን ገጽ አንብቤላቸው፣ ፈርመውልኝ የለም እንዴ! ከድጡ ወደ ማጡ ይሉሻል ይኸው ነው። ገጹን ለሁለቱም ሰጥቻቸው ነበር፤ ሁለቱም ሳያነቡ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ስድቡንስ ችዬዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ርዕሰ መምህሩ «ነገሩ እስኪበርድ» ብለው ትምህርቱን ማገዳቸው ነው። ባለፈው ማክሰኞ፣ የዚህ ትምህርት ተራ ካልደረሰው ክፍል አንዲት ልጅ ከመጸዳጃ ቤት አልወጣም አለች። ከበሩ ጀርባ ሆና «ቲቸር፣ ልሞት ነው መሰለኝ» አለችኝ። የወር አበባዋ ነበር። እዚህ ጋ አትቁሚ፣ ፌንጣዬ፤ ቀጥይ።

እማዬ፣ እኔም በአሥራ ሁለት ዓመቴ አራት ቀን ሙሉ ጓሮ ተደብቄ ቀሚሴን ሳጥብ፣ ስሞት መዝለያ ገመዴን ማን ይውረሰው እያልኩ ሳለቅስ ነበር። አንቺ አይተሽኝ ኖሮ ንጹሕ ጨርቅ ትራሴ ሥር አኖርሽልኝ። አንዲት ቃል ግን አልተነፈስሽም። አልተቀየምኩሽም፤ ለአንቺስ ማን ነገረሽ?

ገጹን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ አሥራ ስድስት መስመር ናት። ሰምተሽ ብትቆጪኝ እቀበላለሁ፤ ሳትሰሚ ግን በደል ነው።

አባባን ሳሚልኝ። ወንድሜ ሪሞቱን ይደብቅልኝ። ሚስቱን ናፍቀሻታል በያት። ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ ያዳረሰችውን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በይልኝ፤ እሷም ትምጣና ትስማ።

አንቺ ፌንጣዬ፣ አሁን ደብዳቤውን አስቀምጪና ገጹን ጮክ ብለሽ አንብቢ። እማዬ፣ በዚህ ወር አሥራ ሁለት ዓመት ይሞላታል፤ እንዳታስቆሚያት።

ልጅሽ፣
ከመምህራን ማረፊያ ክፍል
ግንቦት 14 ቀን