በራስሽ ቃል

ለእታለም፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ? ልጆቹስ፣ ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ሳል ቀንሷል፤ አሁን የሚነሳባት ሲመሽ ብቻ ነው። ጣራው በር አጠገብ ያፈሳል፣ ባልዲ አስቀምጠንበታል። ብደውልልሽ ይሻል ነበር፤ ግን ታውቂኛለሽ፣ ስልክ ላይ ከ«እሺ» ሌላ ቃል አይወጣኝም። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። እባክሽ ሳትቆጪ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የቤቱ ወረቀት አልተፈረመም። ባለቤትሽ፣ ጋሼ፣ ነግሮሽ ይሆናል። ምን ብሎ እንደነገረሽ ስለማላውቅ ግን እኔም የሆነውን እንደሆነው ልንገርሽ።

ስለምሠራበት ቦታ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ያለች ውል የሚጻፍባት ክፍል ናት፤ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ ሲነሳ ሰው የሚያስደነግጥ ማተሚያ። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ኃላፊያችን ጠበቃ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ውል መጻፍ የሚለማመዱ ልጆችን ያስተምራሉ፤ ትምህርታቸውም ዞሮ ዞሮ ያው ነው፣ ፈራሚው የማይገባውን ውል አትጻፉ። በቢሮው የማይታለፍ ልማድም አላቸው። ውሉ ከተነበበ በኋላ ወረቀቱ ይገለበጣል፤ ፈራሚው የተስማማበትን በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል። የተናገረውና የተጻፈው ካልገጠመ ፊርማ የለም። «ሰውየውን አትውቀሱት፣ ወረቀቱን እንደገና ጻፉት» ይላሉ።

ልጆቹ ረቂቃቸውን በመጀመሪያ የሚያነቡት ለእኔ ነው። ወለሉን እየወለወልኩ እሰማና የገባኝን እመልሳለሁ። ድምፄ ስለማይሰማ «ሬዲዮ» የሚል ስም አወጡልኝ። «ሬዲዮ፣ እስቲ ባትሪሽን ቀይሪና ድገሚልን» ይሉኛል። አንዱ ረጅም ልጅ «ተከራይ ቤቱን በአግባቡ ይጠቀማል» ብሎ ጻፈ። እኔ ግድግዳው ላይ ምስማር አይመታም ማለት መስሎኝ እንደዚያው መለስኩ። እሱ ለካ በግ አያስገባም ሊል ፈልጎ ኖሯል። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ እሱም እየሳቀ እንደገና ጻፈው።

የእማዬ ወረቀት ግን አላሳቀኝም።

ጋሼ ያመጣው ዕለት በስልክ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። «አንቺን ታምናለች፣ አንብቢላትና ትፈርም። ብዙ አታብራሪላት፣ ትጨነቃለች» አልሽኝ። እኔም እንደ ልማዴ «እሺ» አልኩ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አነበብኩት። ቤቱ ለአንቺ በስጦታ እንደሚሰጥ ይልና ወረድ ብሎ «ቤቱ ከማናቸውም ሰው ነፃ ሆኖ ለተቀባይ ይተላለፋል» ይላል። ደግሞ «የሰጪ ኑሮ ተቀባይ አመቺ ሆኖ ባገኘችው ሁኔታ ይመቻቻል» ይላል። ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ደጋግሜ አነበብኳቸው። «ማናቸውም ሰው» ውስጥ እማዬ አለች። እኔም አለሁ።

ቤት ውስጥ ብቻዬን ላነብላት አልደፈርኩም። ጋሼን እኛ ቢሮ ይፈረም አልኩት፤ ቅርብ ስለሆነ ደስ አለው። ሰኞ ጠዋት ሄድን። የተማመንኩት ኃላፊያችንን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ፍርድ ቤት ሄደዋል። ያገኘነው ረጅሙን ልጅ ብቻ ነው። ጋሼ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው ወንድሜ፣ ቶሎ እንጨርስ» ሲለው፣ ልጁ አፈረና «እናትሽ አይደሉ እንዴ? አንብቢላቸውና ይፈርሙ» አለኝ።

አነበብኩላት። ስጨርስ እማዬ እስክሪብቶውን አነሳች። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ እጄን ወረቀቱ ላይ ጫንኩና ገለበጥኩት። «እማዬ፣ መጀመሪያ በራስሽ ቃል መልሺልኝ» አልኳት።

ጋሼ ሳቀ። «ደግሞ ፈተና አለው እንዴ?» አለ።

እማዬ ሻርፗን አስተካከለች። ቤቷን ለትልቋ ልጇ እንደምትሰጥ፣ እሷና እኔ ግን እስክትሞት እዚያው እንደምንኖር ተናገረች። ከሞተችም በኋላ አንቺ እኔን እንደማታስወጪኝ ጨመረችበት። ይህን ሁሉ ስትል ዓይኗ ጋሼ ላይ ነበር።

«በቃ፣ እንደዚያው ነው። የሕግ ቋንቋ ስለሆነ ነው እንጂ» አለ ጋሼ፤ ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እታለም፣ ያ አስተያየቱ አሁንም ደረቴ ላይ አለ። ዝም ብል እማዬ ትፈርማለች። ብናገር ደግሞ አንቺን ላጣሽ ነው። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

«አይደለም እማዬ» አልኩ። «ወረቀቱ ከቤት እንወጣለን ነው የሚለው። የት እንደምትኖሪ የምትወስነው እታለም ናት።»

ረጅሙ ልጅ አንገቱን ደፋ። ጋሼ «እማማ፣ ልጅ ናት፣ ምን ገብቷት ነው» ብሎ ተቆጣ። እማዬ አልተቆጣችም። «እንግዲያው አንተ በሚገባኝ ቋንቋ ንገረኝ፤ እወጣለሁ ወይስ አልወጣም?» አለችው። እሱም «ያው… እንደ ሁኔታው ነው» አለ። እንደገና ጠየቀችው። እንደገና «እንደ ሁኔታው» አላት።

እስክሪብቶውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። እንዲህም አለች፣ ቃል ሳልጨምር ነው የምጽፍልሽ፦ «ልጄ ቤቱን ከፈለገችው የእሷ ነው። ግን ውጪ የምትለኝ ከሆነ በሰው አፍ አይሁን። ራሷ በእጇ፣ በማይጠፋኝ ቃል ትጻፈው። ያኔ እፈርማለሁ።»

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። «ከማናቸውም ሰው ነፃ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር የነበረችበትን ቦታ ባዶ አድርገነዋል። እንዴት ልጻፈው ብትይኝ ይህን ብቻ ነው የምልሽ፤ አሳጥሪው። ማን እንደሚያስወጣ፣ ማን እንደሚወጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ጻፊ። ሌላ ነገር ጽፈሽ ብትልኪም አነብላታለሁ። ምን እንደቸገራችሁ አላውቅም፤ ችግር ሳይኖርባችሁ እንዲህ እንደማታደርጊ ግን ለራሴ እየነገርኩ ነው።

አንድ ነገር ለጋሼ አልነገርኩትም። ከቢሮ ስንመለስ የእማዬ ብርድ ልብሶች አልጋው ላይ ተጣጥፈው፣ በገመድ ታስረው አገኘኋቸው። የእኔም ከጎን ለብቻው ታስሯል። ጠዋት ከቤት መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ እሷ በሩን ቆልፋ ተከተለችኝ። ሳይነበብላት ገብቷት ኖሯል። ገመዱን ፈታሁና አልጋዋን አነጠፍኩላት። እሷም ተኛች።

ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ቤትሽንም፣ ልብሽንም ከክፉ ይጠብቅልሽ። እማዬ ጉንጯን ሳሚልኝ ብላኛለች።

የምትወድሽ ታናሽሽ