ለሙሉነሽ የጎሉ ፊደሎች

ሰኞ
ዛሬም ሙሉነሽ አፍንጫዋን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ ዋለች። ተማሪዬ ናት፤ በዕድሜ ግን ትበልጠኛለች። ከፍላቂት መጥታ እዚህ ላሊበላ ቤት ተከራይታ ቴክኒክና ሙያ ትማራለች። ዓይኗን ትራኮማ ጎድቶታል። ኮምፒውተሮቻችን ሊኑክስ ናቸው፤ ትዕዛዝ የምንጽፍበት ጥቁር መስኮት፣ ተርሚናሉ፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ነጭ መደብ፣ ትልልቅ ጥቁር ፊደል ያለው የመስኮት ቅንብር፣ ፕሮፋይል፣ ሠራሁላትና ተርሚናሉ ሁልጊዜ በእሱ እንዲከፈት መነሻ አደረግኩት። አነበበች! «እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር» አለችኝ።
እናቴ ጋ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ከደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ወዲህ ከኮሌጁ ውጭ የሚያናግረኝ ባለሱቁ ብቻ ነው።

ማክሰኞ
አልሆነም። በዚያው ኮምፒውተር የሚማረው በላይ ሲከፍተው ፊደሉ ስክሪኑን ሞልቶታል። «ይኼ አንደኛ ክፍል ነው እንዴ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሙሉነሽ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ነጠላዋን አጣፍታ ተመለሰች። እኔ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ምነው በተከተልኳት!

ረቡዕ
አልመጣችም። ያሰብኳቸው፦
መነሻውን በየጊዜው መቀያየር። (በላይ ያማርራል።)
ከሜኑ በማውስ እንድትቀይር ማድረግ። (የሜኑው ጽሑፍ ራሱ አይታያትም።)
በትዕዛዝ መቀየር። እንዴት?
ኢንተርኔት የለም። ማሽኑ ውስጥ ያለውን መመሪያ ማንበብ ጀመርኩ። መብራት ጠፋ። ሽሮዬን ብቻዬን በላሁ።

ሐሙስ
አገኘሁት! ተርሚናል ሲከፈት የፕሮፋይሉን ስም በትዕዛዙ ውስጥ መጥራት ይቻላል። መነሻው ሳይነካ ሌላ መስኮት በተጠራው ፕሮፋይል ይከፈታል። መነሻውን ወደ ድሮው ጥቁር መለስኩና ረጅሙን ትዕዛዝ አሳጥሬ «ጎላ» አልኩት። በላቲን አራት ፊደል ብቻ ነው፤ ሳታይም በጣቷ ታገኘዋለች።
ክፍሉ ባዶ ነበር። የምነግረው ሰው አጣሁ።

ዓርብ
ቤቷ ሄድኩ። ዕቃዋን በማዳበሪያ ጠቅልላለች። ጋሸና ከተማ ሄዳ እህቷ ምግብ ቤት ልትሠራ ነው።
«በቃኝ ቲቸር። ለእኔ ብለው ሌላውን አያውኩ።»
«ማንም አይታወክም፣ እትዬ ሙሉ። አራት ፊደል፣ ጎላ ብለሽ ስትመቺ ያንቺ መስኮት ብቻ ይጎላል። በላይ የራሱን ያያል፣ አንቺ የራስሽን።»
ቆሎ አቀረበችልኝ። ስለ አገር ቤት ገብሳቸው፣ ስለ ውርጩ አወራችኝ። ከሰው ጋር እንዲህ ቁጭ ብዬ ከተጫወትኩ ቆይቻለሁ። እመጣለሁም፣ አልመጣምም አላለችኝም።

ሰኞ
ዘግይታ መጣች። በላይ ወንበሩን ለቀቀላት፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም። አራቱን ፊደል መታች። ነጩ መስኮት ተከፈተ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መስመር በመስመር አነበበች። የሳቀ የለም። ስትጨርስ ዘጋችው፤ የበላይ ጥቁሩ መስኮት እንደነበረ ነው።
የብቃት ምዘናው ደርሷል። መዛኞቹ ይህን ይፍቀዱላት አይፍቀዱላት አላውቅም።
ስትወጣ «እሑድ ምን ይሠራሉ ቲቸር?» አለችኝ።
«ምንም» አልኩ።
«እንግዲያው እኔ ጋ ይዋሉ።»
እሺ አልኳት። ዛሬ ገና ሰኞ ነው።