ባናህን አውልቅ

ጳጉሜን 3፣ ማለዳ

ማስታወሻዬ፣ ክስ አለኝ። ጢሜ ግራሶ ግራሶ ይሸታል። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታድራለች። ጥፋተኛው የሠራሁት የሚሽከረከር ዥዋዥዌ ነው። ከአሮጌ ጭነት መኪና ጎማና ኩሽኔታ፣ ከባሕር ዛፍና ከአራት ወንበር ገጣጠምኩት። ረዳቴ ሽፈራው ከሥር እየገፋ ያዞራል፣ አራት ሰው ከላይ ይዞራል፣ እኔ ፍሬኑን እረግጣለሁ። ለአብዮት በዓል ይዙር ብሏል የቀበሌው ሊቀ መንበር። ት/ቤት ያልረገጠ መሐንዲስ ነኝ፤ ቀዬው ይወቅልኝ።

ጳጉሜን 5

ሙከራ። የሚሳፈሩት ወንዶች አይቀመጡም። አንዱ ይቆማል፣ አንዱ የፊተኛውን ወንበር በእግሩ ይጎትታል። አንገታቸው ላይ የቋጠሩት የበግ ጠጉር ባና በነፋስ እንደ ክንፍ ይዘረጋል። እኔም አላርፍም። ኮራ ያለ ሰው ሲሳፈር ሽፈራውን በዓይኔ እጠቅሰዋለሁ፤ ያፈጥነዋል፤ ኩሩው "እናቴ!" ይላል። ሆዴን እስኪያመኝ እስቃለሁ።

የቀበሌው ባንዲራ የተሰቀለበት እንጨት ግን ቅርብ ነው። የባናቸው ጫፍ ሊነካው አንድ ስንዝር ቀረው። ሊቀ መንበሩን እንጨቱ ይራቅ አልኩት። ባንዲራ ለጨዋታ አይሸሽም አለ። ተውኩት። በምትኩ ሕግ አወጣሁ፦ ባናውን ያላወለቀ አይሳፈርም።

መስከረም 3፣ ጠዋት

 ትናንት በበዓሉ ደምሴ መጣ። የእህቴ ልጅ የስንዱ እጮኛ። ሠርጋቸው ጥር ነበር። ባናህን አውልቅ አልኩት።

"ጋሼ፣ አማቴ የፈተሉትን ባና ለእርስዎ እንጨት ላውልቅ? በዚህ ብርድ?"

ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ስንዱ ከፊት ቆማ ታጨበጭባለች።

ሽፈራውን ጠቀስኩት።

አንገቱ ላይ የቋጠረው ባና በባንዲራው እንጨት ላይ ተጠመጠመ። የመንዝ ባና አይቀደድም። ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሬ ቆምኩ። ግማሽ ዙር ዘገየሁ። በቃሬዛ ወደ መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት ሲወስዱት መንገድ ላይ አረፈ።

መስከረም 5

ሽፈራውን አሰሩት። አሻጥር ነው ተባለ፤ በዓሉን ሊያበላሽ ሆን ብሎ አፈጠነው አሉ። ወንድሙ ከሁለት ዓመት በፊት ተወስዶ አልተመለሰም። እሱም እንዳይመለስ ያ ይበቃል። ሊቀ መንበሩ ወረቀት አመጣ። ሳላዘው እንዳፈጠነ መስክሬ ልፈርም። ስለ ባንዲራው እንጨት አንድ ቃል የለም። ያን ጥቅሻ ያየ ሽፈራው ብቻ ነው። እስካሁን ስሜን አልጠራም አሉ። እኔ ደብቅልኝ ሳልለው።

እስከ ነገ ጊዜ ሰጡኝ።

መስከረም 6፣ ረፋድ

አልፈርምም። በራሴ እጅ ሌላ ጻፍኩ፦ የጠቀስኩት እኔ፣ ከነባናው ያስቀመጥኩት እኔ፣ እንጨቱም ቅርብ ነበር። ሲያነቡት የሚመጣውን አውቃለሁ። ባለቤቴ ለቅሶ ቤት ናት፤ ሳትመለስ ልሂድ። ጢሜን ታጠብኩ። አሁንም ይሸታል።

በር ተንኳኳ። የነሱ አይመስልም፤ ቀስ ያለ ነው። ስንዱ! ሐዘን ላይ ተቀምጣ እንዴት ወጣች?

"አጎቴ፣ ይክፈቱልኝ። ብቻዎን እንዳያለቅሱ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ወረቀቱ በእጄ ነው። ከነሱ በፊት ለሷ ላንብብላት። በሩን ልከፍት ነው።