«አይሸጥም» የሚለውን ጽሑፍ አጥፍቼ ስለደረሰብኝ በደልና ስለተጠየቅሁት ኮሚሽን

ቀን፦ እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 2018

ለቤት ደላሎች ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኢባዳን

ጉዳዩ፦ በደላላ የተሳሳተ ምክር ስለደረሰ ጉዳትና ያለአግባብ ስለተጠየቀ ኮሚሽን

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ላሚዲ አዬጎኬ ግንበኛ ነበርሁ። በገዛ እጄ በሠራሁት ቤት አርባ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ይህንንም የጻፍሁት ራሴ ነኝ።

2. ጉልበቴ ስለከዳኝ ቤቱን ሸጬ ወደ ትውልድ መንደሬ ለመግባት ከደላላው ከአቶ ታዮ ኦጉንሞላ ጋር በአሥር በመቶ ኮሚሽን ተዋዋልሁ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት አጭበርባሪ የሰው ቤት እየሸጠ ስላስቸገረን በየግድግዳችን «ይህ ቤት አይሸጥም» ብለን እንጽፋለን። ደላላው «አባባ፣ እኔ ገዢ አመጣለሁ፣ ግድግዳዎ ያባርረዋል። ያጥፉት እንጂ» አለኝ። ሁለት ሳምንት እምቢ አልሁ። «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» ብሎ በጎረቤት ፊት ሲናገር ኖራ ገዝቼ አጠፋሁት።

3. ቁልፉን ለእሱ ትቼ እህቴን ልቀብር ኦግቦሞሾ ሄድሁ። በስምንተኛው ቀን ስመለስ መስኮቴ ላይ የማላውቀው መጋረጃ ተሰቅሏል። በሬን ባንኳኳ አንዲት ሴት ከፍታ «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

4. ሴትዮዋ የሲኪራት እናት ትባላለች። ባለቤት ነኝ ያለ ሰው በሐሰት ሰነድ ቤቴን ሸጦላታል። የጨርቅ ሱቋን ሸጣ ነው የከፈለችው። «አይሸጥም የሚል ጽሑፍ አይቼ ቢሆን ኖሮ ደጁንም አልረግጥም ነበር» አለችኝ። ደላላው ቁልፉን ለሥራ ባልደረባው እንዳዋሰ አልካደም።

5. ይህም ሆኖ «ማንም ይሽጠው፣ ቤቱ ተሽጧል አይደል?» ብሎ ኮሚሽኑን በአሥራ አራት ቀን እንድከፍል በጠበቃ ጽፎልኛል። ቃሌን አጥፌ አላውቅም። ቤቴን ግን እኔ አልሸጥሁም፤ አንድ ናይራ አልከፍልም።

6. የሰፈሩ ፖሊስ «ሴትዮዋን ያስወጧት» ብሎኛል። አላስወጣኋትም፤ ጽሑፉን ያጠፋው የእኔ እጅ ነው። እሷና ልጇ የፊቱን ክፍል፣ እኔ የኋላውን ይዘናል። የአማላ ገንፎ አብስላ ብታመጣልኝ መለስሁባት። «አባባ፣ በረሃብ ቢሞቱ ደግሞ ገደለችው ይሉኛል፤ ይብሉ» አለችኝ። በላሁ።

7. ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ የኮሚሽኑን ጥያቄ ውድቅ እንዲያደርግልኝ፣ ደላላውም ቁልፉን ያዋሰውን ባልደረባውን አቅርቦ የሴትዮዋን ገንዘብ እንዲያስመልስ እንዲያስገድድልኝ አመለክታለሁ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያዩ ከሆነ የእሷን ያስቀድሙ። ገንዘቧን ሳትይዝ ከግቢዬ አትወጣም፤ እሷ ሳትወጣም እኔ ወደ መንደሬ አልሄድም።

ከአክብሮት ሰላምታዬ ጋር፣

ላሚዲ አዬጎኬ
(ፊርማ)
ኦኬ አዶ፣ ኢባዳን