የካፒቴን ገበርን አንድ ዓይን የሣሉት እህታችን

እህታችን ከአባታቸው ከመርከብ ቀለም ቀቢውና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ በ1951 ዓ.ም. ከወደቡ በላይ ባለው ሰፈር፣ በስፌት ቤቱ ጓዳ ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩ። አባታችን ከሥራ ሲመለሱ በቆርቆሮ የተረፈ ቀለም ያመጡላቸው ስለነበር፣ ፊደል ሳይቆጥሩ የጓዳውን በር መርከብ በመርከብ አድርገውት እንደነበር እናታችን ዛሬም ይናገራሉ።

እህታችን የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ የስፌት መኪናው መርፌ ተሰብሮ ተፈናጠረና የእናታችንን ቀኝ ዓይን አጠፋው። እናታችን ከኮት ገበር ጥቁር ጨርቅ ቆርጠው ዓይናቸውን ሸፈኑ፤ ቁስሉ እንደደረቀም ወደ መኪናቸው ተመለሱ። የሰፈር ልጆች አይተዋቸው ሲሸሹ፣ እህታችን “እናቴ የባሕር ወንበዴ ናት፤ መርከቧ እስኪጠገን ነው እዚህ ያለችው” ብለው አወሩ። በማግስቱ ልጆቹ የስፌት ቤቱን በር አጨናነቁት። የዕድሜ ልክ ሥራቸው የተጀመረው በዚች ውሸት ነው።

ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት አጠናቀው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በ1971 ዓ.ም. ተመርቀው በአፀደ ሕፃናት ማስተማር ጀመሩ። በ1975 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው በእህታችን ሥዕሎች ላይ ቀለም እንዲነኩ የተፈቀደላቸው ባሕሩን ብቻ ነበር፤ እሱንም ከመስመር ሲያስወጡ ይገሠጹ ነበር።

እህታችን ለሕፃናት በጻፏቸውና በሣሏቸው መጻሕፍት ውስጥ ካፒቴን ገበር የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኝ ዓይኗን በኮት ገበር የሸፈነች፣ ሰይፍና መርፌ የታጠቀች፣ የዘረፈችውን መርከብ የተቀደደ ሸራ ሰፍታ የምትሄድ የባሕር ወንበዴ ናት። እህታችን ረቂቁን ይዘው ምንጣፍ ላይ ከሕፃናቱ መሐል ይቀመጡ ነበር። አንድ ሕፃን ወደ መስኮት ካየ ያንን ገጽ እዚያው ቀድደው ይጥሉታል። የትልቅ ሰው አስተያየት ጠይቀው አያውቁም። መጻሕፍቱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ጠርዛቸው እስኪበላ ተነበዋል፤ በዚህ አዳራሽ ካላችሁትም በእነሱ እንቅልፍ የወሰዳችሁ ብዙ ናችሁ።

በ2012 ዓ.ም. አሳታሚው ድርጅት እህታችንን ሳይጠይቅ መጻሕፍቱን አዲስ አድርጎ አወጣ። ካፒቴን ገበር ሁለተኛ ዓይን አበቀለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ መርፌዋም ተወሰደባት፤ ሰይፏም በጭልፋ ተተካ። እናታችን መጽሐፉን ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉና “ይቺ ደግሞ ማን ናት?” አሉ። እኔ የሟቿ ታናሽ እህት እዚያው ነበርኩ፤ ያን ቀን ይቅር አልልም።

እህታችን ወደ ድርጅቱ ሄዱ፤ ኮሪደር ላይ አስቀመጧቸው። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ “ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ አላየሁትም” ብለው ማሉ። ከሰው አካል ሁሉ የሚምሉበት ያገኙት ዓይን ነው! ቆይተው ደግሞ “አንድ ዓይና ሴት ሕፃናትን ታስፈራለች” አሉ። ሕፃናቱን ግን የጠየቀ የለም። እህታችን ደጋግመው ተመላለሱ፤ የጠየቁት የእናታቸው መልክ እንዲመለስ ብቻ ነበር። አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ አንዲት መርከብ እንኳ አልሣሉም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ሳሉ የአፀደ ሕፃናቱ ርእሰ መምህርት አዲሶቹን መጻሕፍት በዘንቢል ይዘውላቸው መጡ። ሕፃናቱ ከታላላቆቻቸው ሰምተው በየገጹ የካፒቴኗን ቀኝ ዓይን በጥቁር እስክሪብቶ ሸፍነውታል፤ አንዳንዱ ወረቀቱን እስኪቀድ ፈትጎታል። እህታችን ሳል እስኪያቋርጣቸው ሣቁ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ።

ድርጅቱ ይህን ጽሑፍ በባለ ቀለም አትሞ፣ ሽፋኑ ላይ ባለ ሁለት ዓይኗን ለማውጣት ጠይቆን ነበር። እንዲህ ያለ ዓይን አውጣነት አይተን አናውቅም። በእጃችሁ ያለው በፎቶ ኮፒ የተባዛው፣ ሽፋኑም ላይ እህታችን በእጃቸው የሣሏት ካፒቴን ያለችው ለዚህ ነው። ለድርጅቱ ምስጋና የለንም።

ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከእኛ ከእህት ወንድሞቻቸው ሌላ እናታቸውን ትተው ሄደዋል። እናታችን ጥቁር ጨርቃቸውን አስረው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ከመጡ ቀርበው ያጽናኗቸው፤ የሚያስፈሩ እንደሆነም ይዩ።

አዲሱ መጽሐፍ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። ለልጃችሁ ጥቁር እስክሪብቶ ስጡት፤ ቀሪውን እሱ ያውቃል።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ማዕበል በሌለበት ወደብ ያሳርፍልን። ቁጣቸውን ግን ለእኛ ትተውልናል፤ አደራቸውን አንበላም።