የጡት ልጅህን ይመለከታል

«የተማረው ልጄ ይመክረኛል፤ ይርጋ ያግዘኛል። የሚመክረኝ ልጅ አለኝ፤ የሚያግዘኝን ደግሞ ዛሬ በእናንተ ፊት ልውለድ።»

ይህን የተናገርከው አንተ ነህ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አላጎደልኩም። የሰማሁት ግን ካንተ አይደለም። በሙት ዓመትህ ዕለት፣ ዝናቡ ሸራውን እየደበደበው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ጨዋታ ሲጀምር የንስሐ አባትህ ናቸው ያወሩት። «እንዲህ ብሎ አስቆን ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና» አሉ። ዳሱ በሳቅ ተሞላ። ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው «መካሪ መሆንም እኮ ትልቅ ነገር ነው» አሉኝ።

አባዬ፣ ከተለየኸን እነሆ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ያለህበት ቦታ ዕረፍት ይሁንልህ። በቁጣ ስለምጽፍልህ አትቀየመኝ፤ ቁጣዬን ከማን እንደወረስኩት አንተው ታውቃለህ። ደብዳቤውን ማንም እንዲያነበው ያደረግኩት አንተም የተናገርከው በሰው ፊት፣ እኔም የሰማሁት በሰው ፊት ስለሆነ ነው።

ወጉን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። በእኛ አገር አንድ ሰው ያልወለደውን ልጁ ሊያደርግ ሲፈልግ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ሽማግሌ ባለበት ያጠባዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው የጡት ልጅ ነው፤ በሐዘንም በደስታም እንደ ልጅ ይቆማል። አንተ ይህን ያደረግከው ከማረፍህ በፊት በነበረው ኅዳር፣ ማር በተቆረጠ ሰሞን ነው። ይርጋ ያኔ የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ የልጆች አባት ነበር። መጀመሪያ ወደ ቤታችን የመጣው ከዲማ በኩል፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ሆኖ ነው።

ያን ሰሞን ስልክ ይሠራ ነበር። ደውለህልኛልም። ምስጥ ችግኙን እየጨረሰብህ እንደሆነ ነግረኸኝ ምን ላድርግ አልከኝ፤ እኔም ነገርኩህ። አመድ ጨምርበት፣ የደረቀውን ሥር አውጣና አቃጥል አልኩህ። «ተባረክ» ብለህ ዘጋኸው። ወንድም እንደተወለደልኝ ግን አልነገርከኝም። ምክር ስትፈልግ ስልኩ ይሠራል ማለት ነው።

ማሩም ማሳሰብ ያለብኝ ጉዳይ ነው። ከወይራው ሥር ያለውን ባለ ሳጥን ቀፎ ከምሠራበት ከማርቆስ ከተማ አስጭኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንተ «ንብ እንደ ተማሪ በሳጥን አይቀመጥም» ብለህ ስትስቅብኝ ቆይተህ፣ በሁለተኛው ዓመት ከዛፍ ላይ ከተሰቀሉት ሁሉ ይልቅ እሱ ሰጠ። የዚያን ዓመት ነጭ ማር ከእሱ ነው የተቆረጠው፤ እማዬን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ይርጋ ያንተን ጣት ይጥባ እንጂ የጠባው የእኔን ማር ነው።

እማዬ ይህን ስነግራት «ልጄ፣ ይኸ እኮ ቅናት ነው። በዚህ ሽበትህ?» አለችኝ። አዎ፣ ቅናት ነው። ሌላ ስም አልፈልግለትም። አንድ ልጅ ነበረህ፤ አንድ ልጅ የነበረው ሰው ሁለተኛ ሲጨምር የመጀመሪያው ምን ጎደለው ብሎ ሰው ይጠይቃል። እኔም እጠይቃለሁ። መሬቱን አይደለም የምጠይቀው። መሬቱን ያርሰው፣ ጫካውን ይጠብቀው፣ እኔ ደመወዝ አለኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመጨረሻዎቹ ቀናትህ፣ መንገዱ ተዘግቶ እኔ ማርቆስ ስቀር፣ ስሜን ጠርተህ እንደሆነ ማወቅ።

የቤቱን ነገር ልንገርህ። ክረምቱ ዘንድሮ ዘግይቶ ገባ፤ ችግኙም ሐምሌ ካጋመሰ በኋላ ነው የተተከለው። ከላይኛው ድንበር ጽዱም ወይራውም ጸድቋል። ኮሶው እንደ ልማዱ አኩርፏል። በበጋ የታችኛው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ለሽያጭ ጉንደ ወይን ገበያ ወረደ፤ አሁን ጉቶው ሁሉ አቆጥቁጧል። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። እኔን ስትጠራ መጀመሪያ «ይርጋ» ትልና ምላሷን ነክሳ ታስተካክላለች። ውሻህ ደግሞ ከይርጋ እግር አይለይም፤ እኔ ስመጣ ይጮሃል።

በመስከረም ስመጣ ይርጋ ከደጅ ተቀበለኝ። «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ ቤትዎ ነው» አለኝ። እኔ በተወለድኩበት ቤት ደፍ ላይ ቆሞ። ከሻንጣዬ ጋር እንደ እንግዳ አስገባኝና ከመደቡ ላይ፣ አንተ እንግዳ የምታስቀምጥበት ላይ አስቀመጠኝ።

በማግስቱ ከይርጋ ጋር ወደ ጫካው ሄድኩ። የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ከእያንዳንዱ ጉቶ ስድስት ሰባት ቀንበጥ አውጥቶ ቆሟል። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ተትቶ ሌላው መነሳት እንዳለበት ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ።

«ይኸን ለምን አላሳሳኸውም?» አልኩት።

«አባ እስኪጠነክር ተወው ብለውኛል» አለኝ።

«የትኛው አባ?»

«አባ ናቸዋ» አለ፤ ሌላ አባ እንደሌለ ሁሉ። ቀጥሎም «ለነፋሱ ነው ጋሼ፤ ቶሎ ከሳሳ ቀጫጭኑን ይገነጥለዋል ይሉ ነበር» አለኝ።

አባዬ፣ ይህን ለእኔ ብለኸኝ አታውቅም። ትክክል መሆን አለመሆኑን አልከራከርም፤ በእኛ ተዳፋት ላይ ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚመጣ ነገሩ ከሁለቱም ወገን ያከራክራል። ያናደደኝ ሌላ ነው። ያንተ ሐሳብ እሱ ዘንድ አለ፤ እኔ ዘንድ የለም። ከሞትክ በኋላ እንኳ የምትናገረው በእሱ አፍ ነው።

የምንጩንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ያ ምንጭ የደረቀው ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ስለከበበው እንደሆነ የነገርኩህ እኔ ነኝ። በፋሲካ ነገርኩህ፣ በመስቀል ነገርኩህ፣ በሚቀጥለው ፋሲካም ነገርኩህ። «ዛፍ ውኃ ይጠጣል እንጂ ምንጭ አይውጥም» ብለህ ታቦት በሚያነግሥ ሰው ፊት አሳቅህብኝ። በመጨረሻ እሺ አልክ። ይርጋ ጉቶውን ከነሥሩ ነቀለ፤ ከባድ ሥራ ነው፣ አልክድም። በቦታው ቀርከሃና ሾላ ተከላችሁ። ከሁለት ክረምት በኋላ ውኃው ተመለሰ። ዛሬ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ሲወርዱ «ወደ ይርጋ ምንጭ» ነው የሚሉት። አንተም ትል ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። ንቀሉ ያለው ሰው ስም ግን ከምንጩ አጠገብ የለም።

መካሪ ያደረገኝስ ማን ነው? እኔ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ የተማርኩት አንተ የላይኛውን ማሳ ዛፍ እየቆረጥክ ነው። በየመስከረሙ አንድ ረድፍ ይወድቃል፤ እኔ አንድ ክፍል አልፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ «በቃ፣ ከእንግዲህ መጥረቢያ እንዳትነካ» አልከኝ። በእረፍት ስመጣ ልቆፍር ብል ዶማውን ከእጄ ትቀማኝ ነበር፤ «እጅህ ለብዕር ነው» እያልክ። እጄን ለብዕር አድርገህ አሳድገኸኝ፣ ከዚያ በሽማግሌ ፊት አያግዘኝም ብለህ ሌላ ወለድክ። ይህን በየትኛው ፍርድ ቤት ባቀርበው አሸንፍህ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን አብረን እንሠራ ነበር፤ ያን ማንም አይወስድብኝም። ሐምሌ ላይ ችግኙን በቅርጫት ተሸክሜ ከኋላህ እወጣለሁ። አንተ ከጉድጓድ ጉድጓድ ያለውን ርቀት በመጥረቢያህ እጀታ ትለካለህ፤ እኔ ችግኙን አቆማለሁ፤ አንተ አፈሩን በተረከዝህ ጫን ጫን ታደርጋለህ። ጠማማ ካቆምኩት «ዛፍ የተከለውን ሰው ይመስላል» ትለኛለህ። በጭቃ ሸርተት ስትል ትከሻዬን ትይዛለህ፤ ያኔ ስንት ዓመቴ እንደነበረ አላውቅም፣ ግን አንተን የሚደግፍ ትከሻ ነበረኝ። አንድ ቀን በረዶ እስኪያባራ ከትልቁ ጽድ ሥር ተጠልለን ጋቢህን ለሁለታችንም አለበስከን። የራሰ ጋቢ ሽታና የጽዱ ሽታ አሁንም ድረስ ይመጣብኛል።

እንግዲህ በመስከረም የሆነውን ልጨርስልህ። ከይርጋ ጋር ከተጋጨሁ በኋላ ብቻዬን ወደ ትልቁ ጽድ ወረድኩ። ከጫካው ውስጥ ጉሮሮህን ስትጠርግ ሰማሁ። ያን ያንተን፣ አጠር አጠር ያለውን፣ በመጨረሻ ላይ እንደ ማጉረምረም የሚሆነውን። ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ሳላስብ «አቤት» አልኩ። ቅርንጫፉን ገፋ አድርጌ ሳይ ያንተን ኮት የለበሰው ይርጋ ነው፤ ማገዶ ያስራል። እሱም ደንግጦ «ጋሼ፣ ጠሩኝ?» አለ። አልጠራሁህም ብዬው ተመለስኩ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይርጋ ኮትህን ቢወስድ፣ ውሻህን ቢወስድ፣ ሥራህን ቢወስድ፣ ከሁሉም ይበልጥ የምቀናበት የመጨረሻ ቀናትህን ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ፣ መኪና ቆሞ፣ እኔ መናኸሪያ ሄጄ ስመለስ፣ ውኃ ያቀመሰህ እሱ ነው። የገነዘህ፣ የተሸከመህ፣ አፈር የመለሰብህ እሱ ነው። እኔ ስሰማ አርባህ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ሲል መጀመሪያ ወደ እሱ ነው የሚዞረው።

እማዬን ጠየቅኋት። «ሁለታችሁንም ጠርቷል» አለችኝ። የእናት መልስ ነው፤ እናት ሁለት ልጆቿን በአንድ ሰሃን ታበላለች። ለማስረጃ አልቀበለውም። የንስሐ አባትህን ጠየቅሁ፤ «ለእግዚአብሔር የነገረውን አልነግርህም፤ ለእኔ ያጫወተኝን ነግሬሃለሁ» አሉኝ። የቀረው ይርጋ ነው። ፊት ለፊት ልጠይቀው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ችግኝ አወራሁ።

አባዬ፣ ይርጋ ለጥያቄዬ የሚጽፍልኝ መልስ ምንም ይሁን ምን አልረሳህም። ሐምሌ ሲገባ አስብሃለሁ፤ ጠማማ ዛፍ ሳይ አስብሃለሁ፤ ሰው ምክር ሲጠይቀኝም፣ እየተናደድኩም ቢሆን፣ አንተን አስባለሁ። በየዓመቱ ዝክርህን አወጣለሁ። ይህን ቃሌን ያዝልኝ።

ለይርጋ ደግሞ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በሚኒባስ ልኬለታለሁ። ስምንተኛ ክፍል ደርሷል፤ መጻፍ አያቅተውም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ አባቴ ከመሞቱ በፊት ስሜን ጠርቷል ወይስ አልጠራም? ከጠራ ምን ብሎ? በስልክ የሚነገረኝን አልቀበልም፤ ሰው በስልክ ለማጽናናት ይዋሻል። በሰው አፍ የተላከውንም አልቀበልም። በራሱ እጅ ጽፎ፣ ስሙን ፈርሞበት፣ እስከ ኅዳር 12 ቀን ድረስ ይላክልኝ። «አልጠሩዎትም» ከሆነም እንዲሁ ይጻፈው፤ አንድ መስመር ይበቃኛል። በዕለቱ የመጨረሻው ሚኒባስ እስኪገባ ድረስ ማርቆስ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃለሁ።